አክሱምን የጣላት አፈሯ ነው? የካርል ቡትዘር ጉዳይ

ስለ አክሱም ሲወራ ሁሌም ድንጋዩ ይቀድማል። ሐውልቱ፣ መቃብሩ፣ የነገሥታቱ ሳንቲም። ይገባዋልም። ግን ሐውልት የሚያወራው ስለ ጉልበት ዘመን ነው። ከተማዋ ለምን ደከመች ብላችሁ ብትጠይቁት ብዙ አይነግራችሁም።

ይህን ጥያቄ ለአፈሩ ያቀረቡት ሰው ካርል ቡትዘር ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጽሑፍ መልስ ሰጡ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ መልሱም ከምሁራን መንደር ወጥቶ ብዙ ሰው ዘንድ ደረሰ። አክሱም ደኗን ጨፍጭፋ፣ አፈሯን አሟጣ፣ በመጨረሻ ዝናቡም ከድቷት ወደቀች የሚለውን ታሪክ የሆነ ቦታ ሰምታችሁ ከሆነ፣ ስማቸውን ባታውቁም ምንጩ በአብዛኛው እሳቸው ናቸው። ከዚያ ሌሎች መጡ። እዚያው አካባቢ ቆፍረው ሌላ ነገር አነበቡ።

የራሴን ሐሳብ ከወዲሁ ላስቀምጥ። አፈሯ ጣላት የሚለው መልስ በጠንካራው መልኩ ዛሬ አይቆምም ብዬ አምናለሁ። ጥያቄው ግን ትክክል ነበር። ቡትዘር ማስረጃቸውን ንብርብር በንብርብር፣ ማንም ሄዶ ሊያየው በሚችል መንገድ ባያስቀምጡት ኖሮ እነዚያ በኋላ የመጡት የሚፈትኑት ነገር ራሱ አይኖራቸውም ነበር።

ሰውየው ከየት መጡ

ቡትዘር በ1934 ጀርመን ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ ቤተሰባቸው ናዚዎችን ሸሽቶ እንግሊዝ ገባ፣ ከዚያ ካናዳ። በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ተማሩ፣ ቀጥሎ ሜትሮሎጂና ጂኦግራፊ፣ በ1957 ደግሞ ጀርመን ተመልሰው በቦን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ጨረሱ። ልብ በሉ፣ እስካሁን አርኪዮሎጂ የሚባል ነገር አልተነሳም። ወደ ጥንት ከተሞች የመጡት በአየር ጠባይና በመሬት አቀማመጥ በኩል ነው፣ ይህም በኋላ የሚያዩትን ሁሉ ቀረጸው። ብዙ ቆፋሪ ግድግዳው እስኪገኝ ድረስ ጭቃውን ጠርጎ ይጥላል። እሳቸው ጭቃው ጋ ይቆማሉ። ከየት መጣ? ውሃ ነው ያመጣው ወይስ ከላይ ተንሸራቶ ነው? በአንድ ክረምት ነው ወይስ በመቶ ዓመት?

በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ የአስዋን ታላቁ ግድብ ውሃ አካባቢውን ከማጥለቅለቁ በፊት፣ በግብፅ ኑብያ የናይልን የድሮ ደለል አጠኑ። በ1967 ወደ ኦሞ ሸለቆ ወረዱ። ያኔ የሪቻርድ ሊኪ ቡድን ኪቢሽ አካባቢ የጥንት ሰው የራስ ቅል አግኝቶ ነበር፣ ቅሉ የወጣበትን ደለል ማንበብ ደግሞ የነቡትዘር ሥራ ሆነ። በዚያን ጊዜ ለቅሉ የተሰጠው ዕድሜ 130,000 ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ ከ200,000 ዓመት በላይ መሆኑ ታውቋል። ቁጥሩ ተቀየረ ማለት ነው። የደለሉ ቅደም ተከተል ግን፣ ያኔ በአራት ክፍል ከፍለው የሰየሙት፣ አሁንም እዚያ የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ አክሱም ላይም ተመሳሳይ ነገር ይገጥመናል።

ስለ ግብፅ በ1976 የጻፉት ደግሞ ሌላ ትልቅ ክርክር አናግቷል። በጊዜው ብዙ ሰው መስኖ ማዕከላዊ አዛዥ ስለሚፈልግ ፈላጭ ቆራጭ መንግሥት ወለደ ይል ነበር። ቡትዘር የናይልን ጎርፍ ሜዳ አጥንተው የጥንቱ መስኖ በየአካባቢው የሚተዳደር ነበር አሉ። እንግዲህ ሰውየው ተፈጥሮ ብቻውን ታሪክ ይሠራል የሚሉ ዓይነት አልነበሩም። ይህንን መርሳት ነው የአክሱሙን ክርክር ያበላሸው።

አክሱም ላይ ያዩት

ኔቪል ቺቲክ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የብሪታንያ ኢንስቲትዩት ስም፣ አክሱም ላይ ትልቅ ቁፋሮ ይመሩ ነበር። ቡትዘር የዚያ ሥራ የአፈርና የመሬት አጥኚ ሆነው ገቡ። 1974 ላይ አብዮቱ መጣ፣ ቁፋሮውም ቆመ። ቺቲክ የመጨረሻውን ሪፖርት ሳያዩ በ1984 ሞቱ፤ ስቱዋርት መንሮ ሄይ አጠናቅረው ያወጡት በ1989 ነው። የቡትዘር ጽሑፍ ቀድሞ ስለወጣ ለረጅም ጊዜ ብቻውን ነው የተነበበው።

ቦታውን የምታውቁ አስቡት። ከሰሜን ምዕራብ ቤተ ጊዮርጊስ ኮረብታ፣ ከምሥራቅ ማይ ቆሖ፣ በመካከላቸው ማይ ሕጃ የምትባለው ጅረት። ሐውልቶቹ የቆሙት ከኮረብታው ግርጌ ነው። ክረምት ላይ ከላይ የሚወርደው ውሃ ማለፊያው እዚያው ነው፣ ስለዚህ የከተማው አሮጌ ክፍል በጭቃና በጠጠር ተሸፍኗል። ጉድጓድ ሲቆፈር ግድግዳው ላይ ንብርብሩ ይታያል። ከታች የሰው እጅ ያስተካከለው ወለል፣ ከላዩ ደቃቅ ቡናማ ደለል፣ ቀጥሎ ማዕዘናቸው ያልተላገ ድንጋዮች የተቀላቀሉበት ወፍራም ጭቃ። ድንጋዩ ማዕዘኑን እንደያዘ ከሆነ ረጅም መንገድ አልተንከባለለም፣ ከአጠገቡ ተዳፋት የመጣ ነው። ሙልሙል ጠጠር ከሆነ ውሃ እያላጋው ከሩቅ አምጥቶታል። ጠጠሩ በመስመር ከተደረደረ ወራጅ ውሃ ነው፣ ዝብርቅርቁ ከወጣ በአንድ ዝናብ የተናደ ጭቃ ነው። የዚህ ሙያ ግማሽ ቀን እንደዚህ ነው የሚያልፈው። ግድግዳውን በመላጫ ማጽዳት፣ ውሃ ረጨት አድርጎ ቀለሙን ማውጣት፣ በእጅ እያሹ አሸዋ ነው ሸክላ ብሎ መለየት።

ከዚህ ተነስተው ያቀረቡት ትረካ በአጭሩ የሚከተለው ነው። አክሱም በአደገችባቸው ክፍለ ዘመናት የበልጉ ዝናብ ዛሬ ካለው የተሻለና የሚታመን ነበር፣ ስለዚህ ገበሬው በዓመት ሁለቴ ሊያመርት ይችል ነበር። ከተማው ሰፋ፣ የሚበላው በዛ፣ እንጨቱ ለማገዶና ለከሰል ተቆረጠ፣ ተዳፋቱም ታረሰ። ከ7ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ዝናቡ ተዛባ። የተራቆተ ተዳፋት ላይ ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድበት አፈሩ ታጥቦ ከተማው ላይ ተደፋ። በዚያው ሰሞን የቀይ ባሕር ንግድ ከአክሱም እጅ ወጣ። እስከ 800 ገደማ ከተማዋ በአብዛኛው ባዶ ሆነች፣ ሥልጣኑም ዝናብና አፈር ወዳለበት ወደ ደቡብ ሄደ።

ንግዱ እዚያ ውስጥ አለ። ፖለቲካውም አለ። ቡትዘር አፈር ብቻውን ገደላት አላሉም። እሳቸውን የጠቀሱ ሰዎች ናቸው ሌላውን ቆርጠው ጥለው አፈሩን ይዘው የሄዱት፣ ምክንያቱም ራሷን የበላች ከተማ የሚለው ታሪክ ለመንገር ይመቻል፣ በተለይ በ1980ዎቹ ድርቁ በቴሌቪዥን ዓለምን ባዳረሰበት ጊዜ። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የሚያስቸግረው የት ላይ ነው

ዋናው ችግር ዘመን መስጠቱ ላይ ነው። ጭቃ ላይ ዓመቱ አልተጻፈም። ውስጡ የሸክላ ገል ከተገኘ፣ ገሉ የሚነግረን ጭቃው ከዚያ ገል በፊት አልመጣም የሚለውን ብቻ ነው። የ5ኛው ክፍለ ዘመን ማሰሮ ስባሪ በ7ኛው ክፍለ ዘመንም፣ በ17ኛውም ጎርፍ ሊታጠብ ይችላል። ከሰልም እንደዚሁ ነው፤ ካርቦን 14 የሚለካው ዛፉ የኖረበትን ጊዜ እንጂ ከሰሉ በውሃ ተወስዶ የተቀበረበትን ቀን አይደለም። ስለዚህ የአክሱም ዘመን ገል የሞላበት ጭቃ የአክሱም ዘመን ጎርፍ ነው ማለት አይቻልም።

ዋልካ አፈር ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዋልካ በበጋ እንዴት እንደሚሰነጠቅ ያየ ሰው ይገባዋል። ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ላይ ያለው ገል፣ ዘር፣ የከሰል ፍርፋሪ እዚያ ውስጥ ይወድቃል፣ ክረምት ሲመጣ አፈሩ አብጦ ይዘጋበታል። ይህ ለዘመናት ሲደጋገም የላይኛው ከታችኛው ጋር ይቀላቀላል። እንዲህ ዓይነት አፈር ውስጥ የተገኘች አንዲት ትንሽ ከሰል ይዞ የንብርብሩ ዕድሜ ይህን ያህል ነው ማለት ድፍረት ነው።

ሌላው የቦታ ጉዳይ ነው። የነቡትዘር ጉድጓዶች በብዛት ከተማው ውስጥና ከኮረብታው ሥር ነበሩ፣ የቺቲክ ቁፋሮ የነበረው እዚያ ነዋ። የከተማ ተዳፋት ግን የገጠር ተዳፋት አይደለም። የአክሱም ግንብ ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ ነው። ቤቱ ሲተው፣ ጣሪያው ሲበሰብስ፣ ያ ጭቃ ሁሉ ከነድንጋዩ ወደታች ይወርዳል። እናም ወፍራም የጭቃ ንብርብር አይተን እርሻው ታጠበ ከማለታችን በፊት፣ የፈረሰው ቤቱ ራሱ እንዳልሆነ ማረጋገጥ አለብን። እኔ በግሌ የመልሱን ትልቅ ድርሻ የምሰጠው ለዚህ ነው።

ዝናቡንም በተመለከተ አንዱ ማስረጃቸው በግብፅ ከ7ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተመዘገበው የናይል ከፍታ ነበር። ብልህ ሐሳብ ነው፣ የናይል ጎርፍ በብዛት የሚመጣው ከኢትዮጵያ ደጋ ነውና። ግን ካይሮ ላይ የሚለካው ውሃ የአባይን፣ የተከዜን፣ የሌላውንም ድምር ነው የሚናገረው። የአንድ ከተማ ዙሪያ ማሳ በየትኛው ዓመት በልግ አገኘ አላገኘ የሚለውን ከዚያ ነጥሎ ማውጣት በጣም ከባድ ነው።

በኋላ የመጡት

ቁፋሮው የተመለሰው በ1990ዎቹ ነው። ዴቪድ ፊሊፕሰን ከ1993 እስከ 1997 አክሱም ላይ ሠሩ። በዚያው ጊዜ ካትሪን ባርድና ሮዶልፎ ፋቶቪች ቤተ ጊዮርጊስ ኮረብታ ላይ ነበሩ። ከእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ለዚህ ጉዳይ በጣም የሚጠቅመው ወርቁም ሐውልቱም ሳይሆን የተቃጠለው ዘር ነው። አፈሩን ውሃ ውስጥ ጨምረው ሲያናውጡት የከሰለው ዘር ይንሳፈፋል፣ በወንፊት ይሰበሰባል፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ እየታየ ይለያል። ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍ፣ ምስር፣ ተልባ፣ ኑግ፣ የጥጥና የወይን ዘር ሳይቀር ተገኘ። ማሳው በአንድ ሰብል ላይ አልተንጠለጠለም ነበር ማለት ነው። አንዱ ዝናብ ቢዘገይ ሌላ የሚዘራ ያለው ገበሬ ነው የምናየው።

ከዚያ ቻርለስ ፍሬንች፣ ፌደሪካ ሱላስና ማርኮ ማዴላ ከከተማው ወጥተው ሸለቆዎቹን አዩ። ይህ ነው የጉዳዩ መታጠፊያ። ጅረት የቆረጣቸውን ገደሎች፣ ቦረቦሮችን፣ የማሳ ጠርዞችን እያጸዱ ንብርብሩን አነበቡ፣ ናሙናውንም በስሱ ቆርጠው በማይክሮስኮፕ መረመሩ። በ2009 ያወጡት ውጤት በአክሱም ዘመን መሬቱ በአብዛኛው የተረጋጋ ነበር የሚል ነው። ከተማውን አዳክሟል የተባለው ትልቅ የአፈር መታጠብ በሚጠበቅበት ቦታና ጊዜ አልታየም። ክፉው መሸርሸር የሚታየው በጣም ዘግይቶ፣ ወደ እኛ ዘመን ተጠግቶ ነው።

ሌላ የምወደው ሥራ አለ። የጣሊያን ተመራማሪዎች በ2008 አክሱም ዙሪያ ባሉ ማሳዎች ውስጥ የቆሙ ትላልቅ ድንጋዮችን መርምረው አንድ ነገር አሳተሙ። ገበሬ ሲያርስ ማረሻው ድንጋዩን ይቧጥጠዋል። ጭረቱ የሚያርፈው ያኔ አፈሩ ባለበት ከፍታ ነው። አፈሩ እየታጠበ ዝቅ ሲል አዲሱ ጭረት ከአሮጌው በታች ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ ከመሬቱ በላይ፣ ማንም ሊያርስበት በማይችልበት ከፍታ ላይ የማረሻ ጭረት ያለበት ድንጋይ ካያችሁ፣ ያ የድሮው ማሳ ከፍታ ነው። በሜትር ትለኩታላችሁ። ቤተ ሙከራ የለ፣ ውድ መሣሪያ የለ። በሬ ጠምዶ ያረሰ ገበሬ ሳያውቀው የጻፈው መዝገብ ነው። እዚህም ላይ የሚቀረው ጭረቱ መቼ ተጫረ የሚለው ነው፣ ያው የዘመን ጥያቄ።

ከከተማው ውጭ ያለውም ሥዕል እየጠራ መጥቷል። በ2019 የማይክል ሃሮወር ቡድን ከየሓ ብዙም ያልራቀች፣ ወደ ቀይ ባሕር በሚወስደው መስመር ላይ ያለች ቤተ ሳማቲ የተባለች የአክሱም ዘመን ከተማ ይፋ አደረገ። ባዚሊካ (ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን) አላት፣ የወርቅ ቀለበትም ተገኝቶባታል፣ ሰው የኖረባትም ከአክሱም መነሳት በፊት ጀምሮ እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በዚያ መንገድ ላይ ያለች ከተማ በ7ኛው ክፍለ ዘመን ባዶ መሆኗ ለእኔ ከአፈር ይልቅ መንገዱን እንድጠረጥር ያደርገኛል። አዱሊስ ወደብም የከሰመችው በዚያው ክፍለ ዘመን ነው፣ ሳንቲም መምታቱም በዚያው ክፍለ ዘመን ቆመ። የንግዱ ገንዘብ ሲደርቅ ቤተ መንግሥቱ እዚያ የሚቀመጥበት ምክንያት ይቀንሳል። ገበሬው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ገበሬው ወደብ ተዘጋ ብሎ ማሳውን አይተውም። አክሱምም እንደ ቅዱስ ስፍራ ቀጠለች፣ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሥርዓተ ንግሡን የፈጸመው እዚያ ነው።

የአየር ንብረት ከጨዋታው ወጣ ማለቴ አይደለም። በ2022 ከኦማን ዋሻ በወጣ፣ የዝናብ ውሃ እየተንጠባጠበ በሠራው የድንጋይ ክምችት ላይ የተሠራ ጥናት በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደቡብ ዓረቢያን ብርቱ ድርቅ እንደመታት አሳይቷል። ያ እንግዲህ ንጉሥ ካሌብ ባሕሩን ተሻግሮ ሒምያር የተባለውን የደቡብ ዓረቢያ መንግሥት የወጋበት ዘመን ነው። ድርቁ አክሱምን ላይጥል ይችላል፣ ጎረቤቷን አዳክሞ ደግሞ የማትወጣው ጦርነት ውስጥ ሊያስገባት ይችላል። እንዲህ ዓይነት ጠምዛዛ መንገድ ነው ከዝናብ ወደ ታሪክ የሚወስደው፣ ቀጥታ መስመር ብዙ ጊዜ የለም።

ቡትዘር ራሳቸው የደረሱበት

ከ1984 ጀምሮ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን አስተማሩ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው 2016 ድረስም ሥራ አላቆሙም። ስፔን ውስጥ ከባለቤታቸው ከኤሊዛቤት ጋር ተራራማ መንደሮችን ለረጅም ጊዜ አጠኑ፤ እዚያ ያዩት ገበሬ ተዳፋቱን ለዘመናት እያረሰ እንዴት እንደሚጠብቀው ነበር። በ2012 ስለ ሥልጣኔዎች መውደቅ በጻፉት ጽሑፍ ላይ ደግሞ አካባቢ ብቻውን ምክንያት ተደርጎ መቅረቡን አጥብቀው ተቃወሙ። ውድቀት ከብዙ አቅጣጫ ይመጣል፣ የአስተዳደር ብልሹነት፣ ጦርነት፣ ንግድ፣ አየር ንብረት እርስ በርስ ይመጋገባሉ፣ ብዙ ማኅበረሰብም ይተርፋል አሉ። የ1981ዱን ጽሑፍ ለአንድ ምክንያት ማስረጃ አድርገው የሚጠቅሱ ሰዎች ይህንን አብረው ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

አሁን የቀረው ሥራ ምን እንደሆነ በደንብ ይታወቃል። የቤተ ጊዮርጊስን ግርጌ፣ የሓፀቦን ሜዳና ወደ ጎቦ ዱራ የድንጋይ መቁረጫ የሚወስደውን ተዳፋት ከከተማው ፍርስራሽ በራቀ ቦታ መቁረጥ፣ ከዚያም ደለሉ ራሱ የተቀበረበትን ጊዜ መለካት። ለዚህ የሚሆን ዘዴ አለ። የማዕድን ቅንጣት ለመጨረሻ ጊዜ ብርሃን ያየችበትን ጊዜ የሚለካ ነው፤ ገልም ከሰልም አይፈልግም። ችግሩ ዘዴው በጣም የሚመቸው ኳርትዝ በሚባለው ማዕድን ላይ መሆኑ ነው፣ የአክሱም ዙሪያ ድንጋይ ደግሞ ባዛልትና ሐውልቶቹ የተጠረቡበት ዓይነት ሳየናይት ስለሆነ ኳርትዝ ያንሰዋል። ስለዚህ ፌልድስፓር በሚባለው ማዕድን መሥራት ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ያከማቸውን ምልክት በጊዜ ብዛት ስለሚያፈስ ለየናሙናው ማስተካከያ ይፈልጋል። አድካሚ ነው፣ ግን ይቻላል። አክሱም ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂ ያስተምራል፣ ቦታው ከተማሪዎቹ ደጃፍ ነው። ከትግራዩ ጦርነት በኋላ የመስክ ሥራው ሙሉ በሙሉ ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች ከሐውልቶቹ ሥር ሳይሆን ከማሳዎቹ ጠርዝ ላይ ቢቆፈሩ እመርጣለሁ።